የኮላ ድባው መቃን

ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንግዳ ሲመጣበት የሚሸፍነው አንድ ጉድ አለው። አንዱ የተንጋደደ ግድግዳውን በቁም ሣጥን ይከልላል። ሌላው ጣሪያው ስለሚያፈስ ወዳጆቹን በበጋ ብቻ ይጋብዛል። የእኔ ጉድ ግን ዋናው በር መቃን ላይ ስለሆነ መሸፈኛ አልተገኘለትም። የገባ ሁሉ ያየዋል፤ ያየ ሁሉ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

በሙያዬ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ፣ ጎንደር አራዳ ገበያ ዳር አንድ ጠረጴዛ ይዤ፣ የሞተ ሰዓት እየፈታሁ እየገጠምኩ ተማርኩት። መጀመሪያ የፈታኋቸው ሦስት ሰዓቶች ግን እስካሁን አልተገጠሙም፤ ባለቤቶቻቸው ይህን ካነበቡ ይቅር ይበሉኝ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው። አንድ ነገር ብቻውን ስለቻለ ሁሉንም ብቻውን የሚችል ይመስለዋል። ለልጆቼ ጫማ ሰፍቻለሁ፣ ፀጉር ቆርጫለሁ፣ ጥርስም ነቅያለሁ። ትልቁ ልጄ መላኩ በእኔ መቀስ ምክንያት አንድ ወር ሙሉ ኮፍያ አድርጎ ትምህርት ቤት መመላለሱን ዛሬም ያነሣዋል። እኔም ጽናትን ያስተማርኩህ በዚያ ነው እለዋለሁ። እሱ ሳቅ ይላል እንጂ አያምነኝም።

ታሪኩ የሚጀምረው ይኸው መላኩ ሚስት ሊያገባ ነው ባለን ጊዜ ነው። ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ላይ ቀስ በቀስ ስንሠራው የኖርነው ቤት ያን ጊዜ ግድግዳውና ጣሪያው አልቆ በር ብቻ ቀርቶት ነበር። ሠርጉ በጥር ተቆረጠ። አናጢያችን አያ ፈንታ ስድስት የውስጥ በሮችን ከነመቃናቸው ሠሩ። ለዋናው በር ግን አዲስ መቃን አላስፈለገም፤ ከኮላ ድባ የመጣ ነበረን።

ስለዚህ መቃን ትንሽ ልንገራችሁ። አባቴ ኮላ ድባ ላይ የነበረው ቤት አንድ በር ብቻ ነበረው፤ መቃኑም ሙሉ የዋንዛ እንጨት። ከብቱም ሰውም እንግዳውም በዚያው ይገባል፣ በዚያው ይወጣል። ጠዋት ጠዋት እናቴ ጀርባዋን ለግራው ቋሚ ሰጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ማታ አባቴ የበቅሎውን ልጓም እዚያው ላይ ያንጠለጥላል። ስናጠፋ የምንቆመውም እዚያው ሥር ነው። አባቴ ዱላ ካነሣ ልጅ ሁሉ መቃኑን አቅፎ ይጮህ ነበር። የደንቢያ ሜዳ በዚያ በር በኩል ሲታይ እስከ ሐይቁ ድረስ የእኛ ይመስለኝ ነበር። አባትና እናት አልፈው ቤቱ ሲፈርስ ወንድሞቼ ቆርቆሮውንና ወራጁን ተካፈሉ፤ እኔ መቃኑን ወሰድኩ። በናፍቆት ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ዋንዛ አይነቅዝም፣ ያ ነው ምክንያቴ። በጭነት መኪና ሲመጣ ከእኔ ይልቅ ደስ ያላት ባለቤቴ እንጉዳይ ነበረች፤ ወጥታ እንደ ሰው ተቀበለችው። ለእንጨት ይህን ያህል ምን ያስፈነድቃል ብዬ አለፍኩት።

እንግዲህ ክርክሩ መጣ። አያ ፈንታ በሮቹን ደርድረው፣ "ቀለሙን አሁን እዚሁ መሬት ላይ እንዳሉ ቀባቸው፤ ሲደርቁ እገጥማቸዋለሁ" አሉኝ።

"የለም አያ ፈንታ፣ መጀመሪያ ይገጠሙ፤ ከዚያ እቀባለሁ።"

"ምነው?"

"ሲሸከሟቸው ይጫራሉ። ደግሞ ቆሞ የሚኖር ነገር በቆመበት መቀባት አለበት።"

አያ ፈንታ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። እኔ ስድሳ ብሞላም ልጅ ነው የሚሉኝ። "አንተ ልጅ፣ የተኛ በር ቀለም ይጠጣል፤ የቆመ በር ቀለም ያለቅሳል። በዚያ ላይ ታችኛውን ጠርዝ በምን ልትቀባው ነው?"

"እሱን ለእኔ ተዉልኝ" አልኩ። የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ መቆምም ስለ መተኛትም የተጻፈ የለም። ስላልተጻፈም የእኔ ሐሳብ ትክክል ሆኖ ታየኝ። እሳቸውም ገጥመውልኝ መላጊያቸውን ይዘው ሄዱ።

ልጀምር ስል እንጉዳይ መጣች። "ቤቱን ሁሉ እንዳሻህ አድርገው፤ የኮላ ድባውን መቃን ግን ተወው" አለችኝ።

"ምነው?"

"ተወው አልኩህ።"

"ምክንያት የሌለው ነገር በዚህ ቤት አይሠራም። ስድስቱ በር ክሬም ሆኖ አንዱ ጥቁር ሊቀር ነው? ቤት አንድ ፊት ነው ያለው። ሰው በአንዱ ጉንጩ ተላጭቶ በሌላው ጺሙን ያሳድጋል?"

"እንግዲያው ቀለም ካስነካኸው ሙሽራዋን በር ላይ ቆሞ የሚቀበልልህ ሰው ፈልግ። እኔ አልወጣም" ብላ ሄደች።

ይህ ቀላል ቃል አይደለም። በእኛ አገር ሙሽራ ወደ ወንዱ ቤት ስትመጣ የልጁ እናት በር ላይ ቆማ ካልተቀበለቻት፣ ያቺ ልጅ ተጠላች ማለት ነው። አጃቢው ያጉረመርማል፣ ወሬው ዘመድ ቤት ሁሉ ይደርሳል። ልጅቷም ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም። ሙሽራዋን ማህሌትን ደግሞ የሚጠላ የለም፤ ማራኪ ሰፈር መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ትሑት፣ ሸጋ ልጅ ናት። እኔ ግን የእንጉዳይ ቁጣ እንደ ሁልጊዜው እሑድ ሳይደርስ ይበርዳል አልኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሲበርድ ኖሯል። በርዶ ነው ወይስ ተውጦ ነው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።

የውስጥ በሮቹን በስድስት ቀን ጨረስኳቸው። አያ ፈንታ እንዳሉት ቀለሙ አለቀሰ። በየበሩ ላይ ወርዶ ወርዶ መንገድ ላይ ደረቀ። ታችኛውን ጠርዝ ለማየት የእንጉዳይን መስታወት መሬት ላይ አስተኝቼ፣ እኔም በደረቴ ተኝቼ፣ ብሩሹን በሁለት ጣቴ ይዤ ቀባሁ። ከጠርዙ ይልቅ መስታወቱ በደንብ ተቀባ። ማጠፊያውም ቁልፉም ክሬም ሆኑ።

የሙሽሮቹ መኝታ ቤት በር ግን ለብቻው ይነገራል። ከምሳ በኋላ ውስጥ ሆኜ በሩንም መቃኑንም ቀብቼ ጨረስኩ። የፀዳ መንገድ አቧራ በነፋስ እየተነሣ ሲገባ ሳይ፣ እርጥቡ ላይ እንዳይለጠፍ ብዬ በሩን ገጥሜ ዘጋሁት። እኔም ከውስጥ ሆኜ እስኪደርቅ ልጠብቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ትንሽ አሸለበኝ። ስነቃ ደርቋል። እጅግ በጣም ደርቋል። በሩና መቃኑ አንድ እንጨት ሆነዋል።

"እንጉዳይ!"

"አቤት!"

"በሩን ግፊው!"

ገፋች። "አንተስ አትጎትተውም?"

"መጎተቻው ላይ ያለው ቀለም አልደረቀም፣ ያዳልጣል!"

ምን ልበላችሁ፣ በስተርጅና ከገዛ ቤቴ በመስኮት ወጣሁ። አንድ እግሬ ውጭ፣ አንድ እግሬ ውስጥ እንዳለ የሚያልፉ አንዲት ሴትዮ "ሌባ! ሌባ!" ብለው ጮኹ። የቤቱ ጌታ ነኝ ብል ፊቴም እጄም ክሬም ስለሆነ ማን ያምነኛል? አያ ፈንታ ተጠርተው መጥተው በቢላ ዙሪያውን ሲከፍቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ያ ዝምታ ከስድብ ይብሳል። ልጆቼን በዝምታ ስቀጣ እንዴት እንደሚያማቸው ያን ቀን በራሴ ላይ ተረዳሁት።

የቀረኝ የኮላ ድባው መቃን ነበር። ሠርጉ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው ቅዳሜ ጠዋት ቀባሁት። ግራው ሸጋ ሆኖ ያዘ። ላይኛውም ያዘ። ቀኙ ቋሚ ግን ከወገብ እስከ ትከሻ ድረስ ያለው ቦታ ቀለሙን አልቀበል አለ። ስቀባው ይሸሻል፤ እንደ ፈላ ወተት ቆዳ ይሸበሸባል፤ በጣቴ ስነካው ተልጦ ይመጣል። ሰኞ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጌ ሁለተኛ ቀባሁ፤ ተላጠ። ማክሰኞ በጋዝ ጠርጌ ሦስተኛ ቀባሁ፤ ጭራሽ ወርዶ ደፉ ላይ ተኛ።

ረቡዕ ቆርቆሮውን ይዤ ፒያሳ ወደ ቀለም መደብሩ ሄድኩ። ሻጯ ልጅ እግር ናት።

"ልጄ፣ የሸጥሽልኝ ቀለም የተበላሸ ነው" አልኳት በቁጣ።

"ምን ሆነ አባባ?"

"አይዝም።"

"ምንም ላይ አልያዘም?"

"ስድስት በር ላይ ይዟል። ሰባተኛው ላይ እምቢ አለ።"

"ቆርቆሮው አንድ ነው?"

"አንድ ነው።"

"ታዲያ አባባ፣ የተበላሸው ሰባተኛው ነዋ። ቅባት ነክቶት ይሆናል። ቅባት ያለበት እንጨት ቀለም ይተፋል።"

"በእኔ ቤት ቅባት በየቦታው አይነካም!" ብያት ወጣሁ። በመንገድ ላይ ግን ነገሩ ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። የሠርግ ድግስ ላይ ነን። እንጉዳይ ከጓዳ ስትወጣ ስትገባ በዘይት እጇ መቃኑን እየያዘች ነው፤ ምናልባትም ሆን ብላ። ሰዓት የሚቆመው አንድ ትንሽ ነገር ስለሚገባበት ነው። ያን ትንሽ ነገር አገኘሁት አልኩ።

ቤት ስደርስ እንጉዳይ ከጎረቤት የተዋስናቸውን ሳህኖች እየቆጠረች ነበር። በር ላይ ቆሜ እንደ ዳኛ ተናገርኩ።

"በቅባት እጁ ይህን መቃን የነካ ሰው አለ!"

ቀና ሳትል "አዎ" አለች።

"አንቺ ነሽ!"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

እንዲህ ቶሎ ታምናለች ብዬ አልጠበቅኩም። "መቼ ነው የነካሽው?" አልኳት።

ሳህኑን አስቀመጠች። "ሠላሳ አራት ዓመት ሆነው።"

የቀለሙን ቆርቆሮ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"በበቅሎ አምጥታችሁ ከደጅ አወረዳችሁኝ። እናትህ በር ላይ ቆማ በቅል ቅቤ ያዘች። 'ልጄ፣ ቀብተሽ ግቢ፤ እኔም ስመጣ ቀብቼ ነው የገባሁ፣ አማቴም ቀብታ ነው' አለችኝ። የቱ ጋ እንደምቀባ ግራ ሲገባኝ አንጓዬን ይዛ እንጨቱ ላይ አስጫነችኝ። የት ሄዶ መሰለህ ያ ቅቤ? እንጨቱ ጠጥቶት ነው። የአያትህም፣ የእናትህም፣ የእኔም እዚያ ውስጥ አለ። አንተ ሳምንቱን ሙሉ በአሸዋና በጋዝ የምትታገለው ከሦስታችን ጋር ነው።"

"ምነው ያን ጊዜ አልነገርሽኝ?"

"ታውቃለህ ብዬ ነዋ። አጠገቤ ቆመህ አልነበር?"

እዚህ ላይ ራሴን ባዋርድም እውነቱን መናገር አለብኝ። ረሳሁት ብል ይሻለኝ ነበር፤ ሰው ይረሳል። እኔ ግን አልረሳሁትም። መጀመሪያውኑ አላየሁትም። ያን ቀን የአጎቴን ልጅ ጫማ ተውሼ ነበር። ሁለት ቁጥር ያንሰኛል። ሙሽራዬ አጠገቤ ቆማ የምትገባበትን ቤት በእጇ ስትባርክ፣ እኔ ጫማዬን መቼ እንደማወልቅ እያሰብኩ ነበር። ሰዓቱን ግን አስታውሳለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጣዬ ወደ ራሴ ዞረ። አያ ፈንታ ዘንድ ሄጄ ቀለሙን ማንሣት እፈልጋለሁ አልኳቸው። ሠርጉ አራት ቀን ቀርቶታል። እሳቸው አንድ የመስኮት መስታወት ሰብረው ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። "በዚህ ፋቀው። ቀስ ብለህ፣ እንጨቱን ሳትቆርጥ። መቀባት ነው የሚቸኮለው፣ መፋቅ አይቸኮልም።"

ሐሙስና ዓርብ ፋቅኩ። ቅዳሜ እስከ ቅዳሴ መልስ ፋቅኩ። አስቂኙ ነገር፣ ግራው ቋሚ፣ ያ ሸጋ ሆኖ የያዘው፣ አልለቅም አለ፤ ከቀዳዳው ሁሉ ክሬሙ ብቅ ብቅ ይላል። ቀኙ ግን በጥፍሬ ስጀምረው እንደ ቅጠል ተላጠ። ከሥሩ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ለስላሳ እንጨት ወጣ። ቀረብ ብዬ ሳየው አንድ ቦታ አልነበረም። ሦስት ነው፤ አንዱ ካንዱ ከፍ እያለ። እንጉዳይን ጠራኋት፤ መጣች። ቀለሙን ከቀባሁ ወዲህ ወደ በሩ ስትጠጋ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

"ይህ ታችኛው የማን ነው?"

"የአያትህ። አጭር ነበረች ትል ነበር እናትህ።"

"ይህኛውስ?"

"የእናትህ።"

ሦስተኛውን አልጠየቅኩም። እጇን አነሣችና ሳትነካው ልክ ከፊቱ ያዘችው፤ ልኩ ነው። ከዚያ ተመልሳ ወደ ጓዳ ገባች። እሑድ ትወጫለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልደፈርኩም። ልጆቼ እኔን የሚፈሩበት ፍርሃት ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ቀመስኩት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መኪኖቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ከአዘዞ በኩል መጡ። ድንኳኑ ሞልቷል፣ እልልታው ቀለጠ። በሩ ላይ ግን የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ በአንድ እጄ የቅቤ ሳህን ይዤ፣ ከጀርባዬ ለምጥ የወጣበት የሚመስል መቃን። መቃኑን ያዩ ሁሉ ይጠቋቆማሉ። አንዲት አክስት "ምነው ይህ በር ታሞ ነው?" ብላ ስትጠይቅ ሰምቻለሁ። ማህሌት በነጭ ልብሷ፣ መላኩ ከጎኗ፣ ከደፉ ፊት ቆሙ።

መላኩ ጠጋ ብሎ "አባባ፣ እማማስ?" አለኝ። ፊቱ ነጣ። ማህሌት ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ዘፈኑም ከጫፍ ጀምሮ ዝም እያለ መጣ።

በሕይወቴ ከልጆቼ ፊት ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። አባት ይቅርታ ከጠየቀ ቤት ይናጋል ብዬ አምን ነበር፤ ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም፤ ይህንንም ብቻዬን ሳልማረው አልቀረሁም።

"ልጄ ማህሌት" አልኩ፣ "እናቱ ያልወጣችው አንቺን ጠልታ አይደለም። እኔ አስቀይሜአት ነው። ይህን መቃን አትቀባ አለችኝ፤ ቀባሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ከድንኳኑ ጥግ የአያ ፈንታ ድምፅ መጣ። "አንተ ልጅ! ጓዳ ድረስ አይሰማም፣ ከፍ አርገው!"

"ጥፋቱ የእኔ ነው!" አልኩ ከፍ አድርጌ።

"አሁንም አይሰማም!"

ሚዜዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ስል ድምፄ መሐል ላይ ተሰበረብኝ። "እንጉዳይ፣ አጥፍቻለሁ!" ብቻ ነው የወጣኝ።

እንጉዳይ ከጓዳ ወጣች። ለብሳ፣ ተሰርታ፣ ተዘጋጅታ ነበር የተቀመጠች። እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ሰምቻለሁ" አለች ቀስ ብላ። "በመጀመሪያውም ሰምቻለሁ።"

ከዚያ ማህሌትን ሳመቻት፣ ደጋግማ ሳመቻት። እልልታው ተመለሰ። ማህሌት ከሳህኑ ቅቤ አንሥታ "እማማ፣ የቱ ጋ ልቀባ?" አለች።

"እሱን ጠይቂው" አለች እንጉዳይ። "ከእኔ ይልቅ አሁን እሱ ያውቀዋል።"

አሳየኋት። ከእንጉዳይ ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የዛሬ ልጆች ረጃጅሞች ስለሆኑ። ማህሌት መዳፏን ዘርግታ እንጨቱ ላይ ጫነችው፤ እኔም እጇን እስክታነሣ ድረስ ከእጇ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም። እሷ ስታልፍ እንጉዳይ የተረፈውን ቅቤ በጣቷ ጠርጋ መዳፌ ላይ አደረገችው።

"ምን ላድርገው?"

"ቀባ።"

"ወንድ ይቀባል እንዴ?"

"ሦስት ጊዜ ቀለም የቀባ ሰው ቅቤ ያቅተዋል?"

ሰው ሁሉ እየሳቀ፣ እንጉዳይ አንጓዬን ይዛ እጄን መቃኑ ላይ አስጫነችኝ። ቅቤው በጥር ፀሐይ ቀልጦ በሙሉ ልብሴ እጅጌ ውስጥ እስከ ክርኔ ወረደ። አልጠረግሁትም።